«አንተ» ወይስ «አንቺ»? ምናባዊ ገላና እውነተኛ ትዳር በቴሌቪዥን ድራማ

እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ ታሪክ በሆነበት «ብላክ ሚረር» የቴሌቪዥን ድራማ አንድ ክፍል ውስጥ ዳኒ እና ካርል የወጣትነት ጓደኛሞች ናቸው። አሁን በየቤታቸው ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሳንቲም የምታክል ዕቃ ጆሮ ግንዳቸው ላይ ይለጥፋሉ። ዓይናቸው እንደፈጠጠ ይቀራል፣ ገላቸውም ከሶፋው አይነቃነቅም። በዕቃዋ በኩል በሚገቡበት የቪዲዮ ድብድብ ጨዋታ ውስጥ ግን ዳኒ ላንስ የሚባል ወንድ ተፋላሚ፣ ካርል ደግሞ ሮክሴት የምትባል ሴት ተፋላሚ ሆነዋል። ቡጢውም ሕመሙም ይሰማቸዋል። ድብድቡ መሬት ላይ ወድቀው በመሳሳም ያበቃል።

ይህን ትዕይንት ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ እዚህ ላይ እጁ ይታሰራል። እንግሊዝኛው ሁለቱንም በአንድ ቃል ጠርቷቸው ያልፋል። አማርኛ እንዲህ አያሳልፍም። ካርልን «ናፍቀኸኛል» ይበለው ወይስ «ናፍቀሽኛል»? «ና» ወይስ «ነይ»? «አንቺ» ብሎ ከጻፈ ድራማው ሆን ብሎ ክፍት የተወውን ጥያቄ ዘጋው፣ «አንተ» ካለም በሌላው በኩል ዘጋው። ቋንቋችን በዚህ ጉዳይ እንዲያውም ከሚታሰበው በላይ ረቂቅ ነው። ትንሽ ወንድ ልጅ «ነይ እስቲ» ተብሎ ይቆላመጣል፣ ሴት ልጅ «ጎበዝ፣ በርታ» ተብላ በወንድ አነጋገር ትወደሳለች፣ አዋቂ ወንድን «አንቺ» ማለት ግን ለጠብ የሚያበቃ ስድብ ነው። አንዲት ፊደል ብቻ ፍቅርም ንቀትም ትሸከማለች። ስለ ጾታ የሚያወራ ድራማ በአማርኛ ሲታሰብ ጥያቄው የሚጀምረው ከዚህ ነው ብለን እናምናለን።

ክፍሉ «ስትራይኪንግ ቫይፐርስ» ይባላል። ቻርሊ ብሩከር ጽፎት ኦወን ሃሪስ ያዘጋጀው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2019 የ«ብላክ ሚረር» አምስተኛ ምዕራፍ አካል ሆኖ በኔትፍሊክስ ወጣ። ዳኒን አንቶኒ ማኪ፣ ካርልን ያህያ አብዱል-ማቲን፣ የዳኒን ሚስት ቲዮን ኒኮል ቤሃሪ ይጫወታሉ። ጨዋታው ውስጥ ግን ፊቶቹ ሌሎች ናቸው፤ ላንስ ሉዲ ሊን ነው፣ ሮክሴት ደግሞ ፖም ክሌመንቲየፍ። ለሁለት ሰው አራት ተዋናይ መሆኑ ነው። ተመልካቹ የሚያየው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ቢሆንም የሚያውቀው ግን ሁለት ወንዶችን ነው። ዓይንና እውቀት እንዲህ ሲጋጩ ድራማው ይወለዳል።

ብዙ ሰው ይህን ክፍል «ታዲያ ሰዎቹ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ናቸው ወይስ አይደሉም?» በሚል ጥያቄ ብቻ ያልፈዋል። የድራማው ጽሑፍ ግን ከዚያ የተሻለ ሥራ ሠርቷል፤ እንደ ጥሩ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ እየለወጠ ያያል። ዳኒ ጨዋታውን ባቆመባቸው ወራት ካርል በሮክሴት ገላ እንዳለ ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር ሞከረ፣ ያ ስሜት አልመጣም። ስለዚህ ነገሩ ገላው ብቻ አይደለም። በኋላ ሁለቱ በገዛ ገላቸው፣ በሌሊት ተሳሳሙ፣ አሁንም ምንም የለም። ስለዚህ ሰውየው ብቻም አይደለም። ስሜቱ የሚነሳው ይህ ሰው ከዚያ ገላ ጋር ሲገጥም ብቻ ነው። ለዚህ በየትኛውም ቋንቋ የተዘጋጀ ስም የለውም። ድራማውም ስም አለመስጠቱ ጥንካሬው ነው።

ሰው የሌላ ጾታ ገላን እንደ ራሱ አድርጎ መቀበሉ ከምናብ የተቀዳ ብቻ ነው የሚሉ ይሳሳታሉ። መነሻው ቤት ውስጥ ሊሠራ የሚችል ሙከራ ነው። ቦትቪኒክ እና ኮኸን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ሲሆን የሚያስፈልገው አንድ የጎማ እጅ፣ አንድ መከለያና ሁለት ብሩሽ ነው። የሰውየው እጅ ከመከለያው ጀርባ ይደበቃል፣ የጎማው እጅ ፊቱ ላይ ይቀመጣል። ሁለቱ እጆች በተመሳሳይ ቦታና በተመሳሳይ ቅጽበት በብሩሽ ይዳሰሳሉ። ከደቂቃዎች በኋላ ሰውየው የብሩሹን ንክኪ የጎማው እጅ ላይ መስማት ይጀምራል። የሚበላሸው ሁለቱ ብሩሾች ሲለያዩ ነው። አንዱ ቀድሞ ሌላው ከዘገየ አእምሮ የጎማውን እጅ መልሶ ዕቃ ያደርገዋል።

ዓይንን ሸፍኖ በኮምፒውተር የተሠራ ዓለም በሚያሳየው የምናባዊ እውነታ (ቪአር) መነጽርም ሕጉ ይኸው ነው። ጭንቅላት ሲዞር ምስሉም አብሮ መዞር አለበት። በእንቅስቃሴውና በምስሉ መካከል ያለው መዘግየት ከ20 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ካለፈ ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ ብዙዎቹ መነጽሮች በሰከንድ 90 ጊዜ ያህል ምስል የሚቀይሩትም ለዚህ ነው። በሜል ስሌተር የተመራ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው ጥናት ወንዶች መነጽሩን አጥልቀው ወደ ታች ሲመለከቱ የሴት ገላ አዩ። ያቺ ሴት በምናባዊው ክፍል ውስጥ በጥፊ ስትመታ የወንዶቹ የልብ ምት ለውጥ አሳየ። ከሁሉ በላይ የሠራው ገላውን ከውጭ ሆኖ ማየት ሳይሆን ከራስ ዓይን ወደ ታች ማየት ነበር። የካሜራ ባለሙያ ይህን ልብ ቢለው ጥሩ ነው። ባህርይዋን ከፊት ለፊት ብቻ እየቀረጸ «ገላዋን ለበሰ» የሚል ድራማ ተመልካቹን ውጭ ያስቀረዋል።

የዚህ ጥናት ሌላ ቅርንጫፍ ደግሞ ልብ ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ በሆነ ሥራ፣ በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደባቸው ወንዶች በሴት ምናባዊ ገላ ውስጥ ሆነው የሚጮህባቸው፣ እየቀረበ የሚመጣባቸው ወንድ ገጠማቸው። ከዚያ በፊት በሴት ፊት ላይ ያለን ፍርሃት ለይቶ የማወቅ ችሎታቸው ከሌሎች ወንዶች ያነሰ ነበር። ከሙከራው በኋላ ተሻሻለ። ደግ ሰው ሆነው ወጡ ማለት አይደለም፣ ጥናቱም እንዲህ አላለም። ግን አንድ ድራማ ጸሐፊ ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ትዕይንት ይፈልጋል?

ወደ ድራማው እንመለስ። ገላ ሲቀያየር ዓይናችን ገላው ላይ ይቀራል። ግንኙነቱን የሚወስነው ግን የማሽኑ ደንብ ነው። ማን ይገባል? ስንት ሰዓት ይቆያል? ማን ያውቃል? ማንስ መውጣት ይችላል? ጎበዝ ጸሐፊ ጊዜውን የሚያጠፋው እነዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የ«ብላክ ሚረር» ክፍል «ሳን ጁኒፔሮ» ለዚህ ዋናው ምሳሌ ነው። ዮርኪ እና ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አምሳል በተሠራች ምናባዊ የባሕር ዳር ከተማ ይገናኛሉ፣ ወጣቶች ናቸው፣ ይዋደዳሉ። ቆይቶ እውነቱ ይገለጣል፤ ሁለቱም አሮጊቶች ናቸው። ዮርኪ በ21 ዓመቷ በመኪና አደጋ ሰውነቷ ሙሉ በሙሉ ሽባ ሆኖ ከ40 ዓመት በላይ አልጋ ላይ ናት። አደጋው የደረሰባት ሴት እንደምትወድ ለወላጆቿ በተናገረችበት ሌሊት ነበር። ደንቡ እንዲህ ነው፦ በሕይወት ያለ ሰው ወደዚያች ከተማ መግባት የሚችለው በሳምንት አምስት ሰዓት ብቻ ነው፣ እኩለ ሌሊት ሲሆን ያበቃል። ይህ ቁጥር ባይኖር ታሪኩ አይኖርም። ኬሊ አንድ ሳምንት ብትደበቅ ዮርኪ የምታጣው ያላትን ሕይወት በሙሉ ነው። ሁለተኛው ደንብ ፊርማ ነው። ዮርኪ ሞታ በዚያ ለመቅረት የሐኪም፣ የራሷና የቤተሰብ ፈቃድ ያስፈልጋታል፣ ቤተሰቧ ደግሞ እምቢ ብሏል። ስለዚህ አስታማሚዋ ለፊርማው ሲል ሊያገባት ተዘጋጅቷል። ኬሊ ቀድማ «እኔ ላግባሽ» ስትላት ጋብቻ ከፍቅርም በፊት የመፈረም መብት ሆኖ ይታያል። ድራማው እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለት የኤሚ ሽልማት ማግኘቱ ሲያንሰው ነው።

ኬሊ በበኩሏ ከባሏ ጋር 49 ዓመት ኖራለች። ባሏ ወደዚያች ከተማ መግባትን አልፈለገም፣ ምክንያቱም ልጃቸው ሳትገባ ሞታለች። ዮርኪ ይህን ሳታውቅ ስትፈርድባት ኬሊ የምትቆጣው ቁጣ የድራማው ከባዱ ክፍል ነው። አዲስ ገላና ወጣትነት ቢሰጡህም የቆየ ቃል ኪዳን አብሮህ ይገባል።

ሌላው የ«ብላክ ሚረር» ክፍል፣ «ዩኤስኤስ ካሊስተር» (እ.ኤ.አ. 2017) ደግሞ ተቃራኒውን ያሳያል። ጄሲ ፕሌመንስ የሚጫወተው ሮበርት ዴሊ የሥራ ባልደረቦቹን ዘረ መል ሰርቆ ቅጂያቸውን በግል ጨዋታው ውስጥ ያስራል፤ የባልደረባውን የናኔትን የወሰደው ከጣለችው የቡና ኩባያ ነው። ለቅጂዎቹ የጾታ አካል አልሠራላቸውም። ወሲብ የሌለበት ዓለም ነው፣ ሆኖም ከሦስቱ ሁሉ በሴት ላይ ግፍ የሚታይበት እሱ ነው። እርሱ የሚፈልገው መሳም፣ ጭብጨባና መታዘዝ ነው። እነርሱ ደግሞ በሩ የላቸውም፣ ያለ ፈቃዱ መሞት እንኳ አይችሉም። «ምናባዊ ወሲብ ያበላሻል» ብሎ ለሚፈራ ሰው ይህን ክፍል እንዲያይ እንመክራለን። ችግሩ ያለው መውጫውን አንድ ሰው ብቻ መቆጣጠሩ ላይ ነው።

በእውኑ ዓለምም የተፈተነ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 አንዲት ተጫዋች በቀስት መተኮሻ የምናባዊ እውነታ ጨዋታ ውስጥ የደረሰባትን ትንኮሳ ጻፈች። በዚያ ጨዋታ ገላ የሚባል ነገር አልተሣለም፤ የሚታየው ራስ ቁር፣ የቀስት ኮረጆና በአየር ላይ የሚንሳፈፍ እጅ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስላሉ። ሴት መሆኗን ያሳወቀው ድምጿ ብቻ ነበር፣ ሌላው ተጫዋች ያንን ሰምቶ ደረት በሚኖርበት ባዶ ቦታ እጁን ሰደደ። የጨዋታው ሠሪዎች የተጫዋቹን መከላከያ አሰፉት፤ ሁለት እጅን አጋጥሞ ወደ ጎን ሲዘረጉ የሚተናኮለው ይጠፋል። የፌስቡክ ባለቤት ሜታም እ.ኤ.አ. የካቲት 2022 በምናባዊ መድረኩ ላይ በሰዎች መካከል 4 ጫማ ገደማ (1.2 ሜትር ያህል) ርቀት የሚያስጠብቅ ወሰን አበጀ። ድራማዎቹ ይህን የመሰለ ዝርዝር እምብዛም አይነኩም፤ ባህርያቱ መግባትና መውጣት እንጂ መከልከል የሚችሉበት እጅ የላቸውም። ድምፅ ብቻውን ጾታን አጋልጦ ትንኮሳ እንደሚጠራ የሚያሳይ ትዕይንት ቢጻፍ ከብዙ የገላ ቅይይር የበለጠ ይናገር ነበር።

«ስትራይኪንግ ቫይፐርስ» ላይ ያለን ቅሬታም ከዚሁ ይነሳል። ክፍሉ የሚያበቃው በስምምነት ነው። በዓመት አንድ ቀን፣ በዳኒ ልደት፣ እርሱ ከካርል ጋር ወደ ጨዋታው ይገባል፣ ቲዮ ደግሞ የጋብቻ ቀለበቷን አውልቃ ወደ መጠጥ ቤት ትሄዳለች። እኩልነት ይመስላል። ግን ሂሳቡ አይገጥምም። እርሱ ወደሚያውቀውና ወደሚናፍቀው ሰው ሲሄድ፣ እርስዋ የምትሄደው ወደማታውቀው ነው። ቲዮ ቀደም ሲል እራት ላይ የተናገረችው፣ ሌሎች እየተመኟት ለትዳሯ ስትል በሩን እንደዘጋች፣ ከድራማው ጠንካራ ንግግሮች አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ስምምነቱ ሲደረግ አናይም፤ ውጤቱን ብቻ እናያለን። ያ ድርድር፣ ማን መጀመሪያ ቀኑን እንደጠቀሰ፣ ማን «አንድ ጊዜ ብቻ» እንዳለ፣ ሙሉ ትዕይንት ይገባው ነበር።

በአማርኛ እንዲህ ያለ ድራማ መጻፍ የሚያስብ ሰው ውድ መነጽር አያስፈልገውም። በመሣሪያ ውስጥ የሚኖር ትዳር በእጃችን አለ። ሪያድ ወይም ኩዌት በሰው ቤት የምትሠራ ሚስትና አገር ቤት ያለ ባል በአይሞ ተያይዘው ይኖራሉ። ደንቡ ከ«ሳን ጁኒፔሮ» አያንስም፤ ስልኩን የሚፈቅድ አሠሪ አለ፣ የሚደወልበት ሰዓት አለ፣ ካሜራው የሚያሳየው ከአንገት በላይ ነው። ማዳም ስትጣራ ስልኩ ይገለበጣል፣ ባል ጣራ ብቻ እያየ ይጠብቃል። ስትመለስ «አንተ፣ አለህ?» ትላለች። ከዚያ አማቷ ስልኩን ከልጃቸው እጅ ይቀበላሉ። «አንተ» ወዲያው «እርስዎ» ይሆናል፣ ናፍቆቱም ተቋርጦ ወሬው ወደሚላከው ገንዘብ ይዞራል፣ ባልየውም ከስክሪኑ ዳር ግማሽ ትከሻው ብቻ እየታየ ዝም ይላል።