9.81 አገኘሁ ብዬ ነበር

ባሕር ዳር ፊዚክስ ስማር የፔንዱለም ላብ ነበረን። ክር፣ ጫፉ ላይ ብረት፣ አንድ የእጅ ሰዓት። ሃያ ጊዜ ሲወዛወዝ ትቆጥራለህ፣ ከዚያ የምድርን ስበት፣ ‹ጂ› የምንላትን፣ ታወጣለህ። እኛ ግን የሲኒየሮች ሪፖርት በእጃችን ነበር። ከመልሱ ተነስተን ሰዓቱን ወደ ኋላ አሰላን። ክፍሉ በሙሉ 9.81 አመጣ። ማርኩም አሪፍ ነበር።

ቀልዱ የገባኝ ቆይቶ ነው። ባሕር ዳር ለምድር ወገብ ቀረብ ያለች፣ ከባሕር ወለል 1800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ‹ጂ› 9.78 አካባቢ ነው። የሰረቅነው መልስ ራሱ የሌላ አገር ነበር ማለት ነው።

ይህን ያስታወሰኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ማስተርሱን እየሠራ ነው። ጣና ዳር ቡና ይዘን ላፕቶፑን ከፈተና ግራፍ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ሦስት ነጥብ ብቻ ነው ከመስመሩ የወጣብኝ። ባጠፋቸው ማን ያውቃል?»

የሾንን ታሪክ ነገርኩት። ጃን ሄንድሪክ ሾን አሜሪካ፣ ቤል ላብስ የተባለ የምርምር ተቋም ውስጥ ይሠራ የነበረ ጀርመናዊ ወጣት ነው። ከሞለኪውል ትራንዚስተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሠራሁ አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 በአማካይ በየስምንት ቀኑ አንድ ጽሑፍ ይወጣለት ነበር። ያስያዘው ኖይዝ ነው፤ ስትለካ ግራፉ ላይ የሚመጣው ትንንሽ መንቀጥቀጥ። እሱ በምንም ተአምር ራሱን አይደግምም። ዛሬ ጣና ላይ ያየኸው ሞገድ ነገ እያንዳንዱ ሽብሽቡ ሳይቀር ይመጣል? ሾን ግን በተለያዩ ሙከራዎች ግራፍ ላይ ያንኑ መንቀጥቀጥ ለጥፎ ነበር። ሌሎች የፊዚክስ ሰዎች አዩት። መርማሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ጥሬ ዳታህን አምጣ ሲባል፣ ኮምፒውተሬ ቦታ ስላልነበረው አጥፍቼዋለሁ አለ። ኮሚቴው ከ24 ክሶች 16ቱን አረጋገጠ፤ ሰውየውም በ2002 ከሥራ ተባረረ። ጀርመን ያለው ኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዶክትሬቱን ነጠቀው። የዶክትሬቱ ሙግት ብቻ 2014 ደረሰ።

ወሬው እዚህ ላይ ያልቅና ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ያንን ውጤት ለመድገም በየአገሩ ላብ ውስጥ ክሪስታል ሲያሳድጉ የከረሙ ተማሪዎች ነበሩ። እምቢ ሲላቸው የሚጠረጥሩት ሾንን አይደለም፤ የገዛ እጃቸውን ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። ለዋሸው ይቅለለው፤ ተከትሎት የሄደው ግን ወር በወር ይከብደዋል። የእነዚያን ልጆች ዓመታት ማን ይተካል?

ቅርብ ጊዜም ደግሞ አሜሪካ፣ ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ነበረ። የራንጋ ዲያስ ቡድን በክፍል ሙቀት ኤሌክትሪክን ያለ ኪሳራ የሚያስተላልፍ ነገር አገኘን አለ። ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት በ2020 እና በ2023 ያወጣቸው ሁለት ጽሑፎች ተሰረዙ። ሁለተኛው ይሰረዝ ብለው ከጠየቁት መካከል 8ቱ የጽሑፉ የራሱ ደራሲዎች ናቸው፤ ደራሲዎቹ በጠቅላላ 11 ነበሩ። ስምህ ያለበትን ሥራ ‹ይጥፋልኝ› ብሎ መጻፍ፣ በተለይ ለጀማሪ፣ ቀላል እንዳይመስልህ።

ወደ እኛ ልመለስ። የአክስቴ ልጅ ሌባ አይደለም። ‹ሙከራዬ አልሠራም› የሚል የመመረቂያ ጽሑፍ አይቶ አያውቅም፤ እኔም አላየሁም። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ቅጣቱን ከማጥበቅ በፊት ይሄ ነው መቀየር ያለበት። ተማሪው በትክክል ለክቶ፣ ደብተሩን ይዞ፣ የጠበቅኩት አልመጣም ካለ በሙሉ ማርክ ይመረቅ። ቀጣዩ ልጅ ዓመቱን ከማቃጠል ይድናል። መምህሩም ከግራፉ በፊት ደብተሩን ይጠይቅ፤ ስርዝ ድልዝ ያለበትን፣ ቡና የፈሰሰበትን። ጥርት ያለ የላብ ደብተር ካየሁ እኔ እጠረጥራለሁ፤ የኔም ጥርት ያለ ነበር።

ልጁ ሦስቱን ነጥቦች አላጠፋቸውም። በቀይ ከብቦ፣ ‹ምክንያቱን አላገኘሁትም› ብሎ ጽፎባቸዋል። አማካሪው ገና አላየውም።