መነጽሩ ለምን ቶሎ ቶሎ ይቀየራል?

በሰሜን ሸዋ ስለ ዓይን ጤና ሲነሣ ወሬው ሁሉ ትራኮማና የዓይን ሞራ ነው። አይፈረድም፤ የአማራ ክልል ትራኮማ ክፉኛ ካጠቃቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው። በዚህ መሀል የሚረሳው ግን ዓይኑን ሲያሽ የሚውለው ተማሪ ነው። መነጽር ይሰጠዋል፤ ዓመት ሳይሞላ ያ መነጽር አያሳየውም። መምህሩ ሰነፈ ይላል፣ ቤተሰቡ ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ይወስደዋል። ጠበሉን የሚቃወም የለም፤ የኮርኒያው ምርመራ ግን አብሮ ይሂድ።

ኬራቶኮነስ የሚባለው ሕመም ኮርኒያን፣ ማለትም የዓይንን ጥርት ያለ የፊት ሽፋን፣ እያሳሳ ወደ ፊት ያሾለዋል። የሽፋኑ ውፍረት ቀድሞውንም ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ በጉርምስና ይጀምራል፤ ዘር፣ የዓይን አለርጂና ማሸት ያግዙታል።

ክፋቱ መደበቁ ነው። ለውጡ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚታየው በኮርኒያው የጀርባ ገጽ ላይ ነው። በፊት በኩል ያለው ስስ የሕዋስ ድርብ ደግሞ በሾለው ቦታ ላይ ይበልጥ እየሳሳ ገጹን ያስተካክላል፤ ጉድለትን በጭቃ እንደሚለስን ግንበኛ። ልጁ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ፊደል አጥርቶ እያነበበ ሕመሙ ሊቀጥል ይችላል። የብርሃን ቀለበቶችን ዓይን ላይ አሳርፎ ነጸብራቃቸውን የሚያነሣው የቆየው መሣሪያ የሚያየው የፊቱን ገጽ ብቻ ነው። ኮርኒያን በብርሃን እየሸነሸነ የሚያነሣው ካሜራ ግን የጀርባውን ቅርጽና ውፍረቱን ነጥብ በነጥብ ይለካል።

ይህ ካሜራ ለእኛ ቅንጦት ነው የሚል ሙግት አለ። እርግጥ ነው፣ በዓለም ላይ በስፋት የተሠራጨው መነጽር የሰለቻቸው ሰዎች በሌዘር ከመታከማቸው በፊት ስለሚመረመሩበት ነው። የመንዝ ተማሪ ግን ከእነርሱ ይልቅ ያስፈልገዋል። ከጀርመኗ ድሬስደን ወጥቶ በ2003 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመው ሕክምና፣ የቫይታሚን ቢ2 ጠብታና አልትራቫዮሌት ጨረር፣ ኮርኒያን አጠንክሮ በአብዛኞቹ ታካሚዎች ሕመሙን ያስቆማል እንጂ የሾለውን አይመልስም። ጠባሳ ከያዘ በኋላ የሚቀረው ከሟች የሚለገስ ኮርኒያ መጠበቅ ነው።

ካሜራው እስኪመጣ እጅ አጣጥፎ መቀመጥም ስንፍና ነው። ዓይን ለክቶ መነጽር የሚያዝ ባለሙያ በእጁ ባለው ሬቲኖስኮፕ በሚባል ዓይን ውስጥ ብርሃን የሚያበራ መሣሪያ፣ ከዓይን የሚመለሰው ብርሃን እንደ መቀስ ሲከፈትና ሲዘጋ ካየ መጠርጠር ይችላል። የትምህርት ቤት ምርመራም «ዓይንህን ያሳክክሃል? መነጽርህ ስንት ጊዜ ተቀየረ?» የሚሉ ጥያቄዎችን ይጨምር። ለማሳከኩ ሕክምና ይሰጥ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛ የስቴሮይድ ጠብታ ግን የዓይን ግፊት ጨምሮ ሌላ መዘዝ ያመጣል።

ደብረ ብርሃን ላይ ካሜራ ሲታቀድ የጨረር ማከሚያውም በዚያው በጀት ይያዝ። ከመሐል ሜዳ ለመጣ ልጅ ሕመሙን ነግሮ ለሕክምናው ሌላ 130 ኪሎ ሜትር ወደ አዲስ አበባ መላክ፣ ብዙውን ቤተሰብ ከመንገድ ማስቀረት ነው።