ማስተካከያ፦ ፎም ላይ በቀጥታ ስፕሬይ አይነፋም

ለጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ ከፎም ትንንሽ ኮረብታና ፍርስራሽ ለሚሠሩ ሰዎች ሰሞኑን በሰፊው የተሠራጨው መመሪያ «ፎሙን ቅረጹና ጥቁር ስፕሬይ ቀለም ንፉበት» ይላል። ይህ ስህተት ነው።

ፎሙ ፖሊስታይሪን የሚባል ፕላስቲክ ነው። በተለመደው የስፕሬይ ጣሳ ውስጥ ያሉት እንደ አሴቶን ያሉ ኬሚካሎች ደግሞ ፖሊስታይሪንን ያሟሙታል። ፍሬ ፍሬ ያለው ነጭ የዕቃ ማሸጊያ ፎም ወዲያው ይቦረቦራል፤ ጥቅጥቅ ያለው ሰማያዊ ወይም ሮዝ ፎምም አይተርፍም። ስንት ሰዓት የተለፋበት የድንጋይ ጠርዝ እንዲህ ሲጠፋ ያሳዝናል። ማስጠንቀቂያው በብዙ ስፕሬይ አምራቾች የአጠቃቀም መመሪያ ላይ ሰፍሯል።

ትክክለኛው አሠራር፣ መጀመሪያ በውሃ የሚቀጥን ጥቁር አክሪሊክ ቀለም ከነጭ የእንጨት ኮላ ጋር ቀላቅሎ በብሩሽ መቀባት ነው። ስንጥቆቹንና የታችኛውን ጠርዝ አትዝለሉ፤ ስፕሬዩ ፎሙን የሚያገኘው ባልተሸፈነችው ቦታ ነው። ድብልቁ በደንብ ሳይደርቅ ምንም አይነፋበትም። በብሩሽ ብቻ ለሚጨርስ ሰው ስፕሬዩ ጨርሶ አያስፈልግም።

አስቀድማችሁ የነፋችሁ ሥራችሁን አትጣሉት። ቀለሙ ሲደርቅ የተቦረቦረውን በስቱኮ ሙሉት፤ ከዚያ አፍንጫችሁን በማስክ ሸፍናችሁ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱትና ድብልቁን ቀቡት። መመሪያውን ለሌሎች ያጋራችሁም ይህን ማስተካከያ ላኩላቸው።