አሜሪካኖ ይሻለናል (ቡናውን ማለቴ አይደለም)

ስቶክሆልም ውስጥ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ፓዴል የምንጫወት ስምንት ሰዎች ነን። ሦስታችን ሐበሾች፣ የቀሩት የሥራ ባልደረቦች። የምንጫወተው በአሜሪካኖ ነው፤ ማን ከማን ጋር ተጣምሮ እንደሚጫወት የሚወስን አንድ ዓይነት የውድድር አሠራር ነው። ባለፈው ሳምንት አንዱ «ከእንግዲህ በሜክሲካኖ እንጫወት» አለ፤ እሱም ሌላ ዓይነት አሠራር ነው። ግማሹ ደገፈው። እኔ አልደገፍኩም።

ፓዴልን ለማያውቅ፣ የቴኒስና የስኳሽ ዲቃላ በሉት። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1969 ኤንሪኬ ኮርኩዌራ የሚባል ሜክሲኳዊ አካፑልኮ ባለው ቤቱ ግቢ ውስጥ የጀመረው ነው። ሜዳው 20 በ10 ሜትር፣ ዙሪያው መስታወትና ሽቦ። ስዊድን ውስጥ በኮሮና ጊዜ አዳራሾቹ እንደ አሸን ፈሉ፤ ኋላ ብዙዎቹ ከስረው ተዘጉ። ሱሱ ግን አልለቀቀንም።

ጣጣው ሁለት ለሁለት መሆኑ ነው። ማን ከማን ጋር? ጆተኒ እየተጫወተ ያደገ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ጎበዝ ከጎበዝ ይጣመራል፣ ያሸንፋል፣ ከጠረጴዛው አይነሳም። ደካማው ሒሳብ ከፍሎ ዳር ቆሞ ያያል።

አሜሪካኖ ይህን ይገለብጠዋል። በየዙሩ ተጣማሪ ይቀየራል። ለስምንት ሰው ሁለት ሜዳና 7 ዙር ይበቃል። ሰው ሁሉ ከሰባቱ ጋር አንድ አንድ ጊዜ ይጣመራል፣ ሰባቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ ይገጥማል። የቴኒሱ 15፣ 30፣ 40 የለም። እኛ አንዱን ዙር በድምሩ 24 ነጥብ እንጫወታለን። 15 ለ9 ካለቀ አሸናፊዎቹ ለየራሳቸው 15 ይይዛሉ፣ ተሸናፊዎቹም 9፣ 9 ይዘው ይሄዳሉ። ነጥቡ የግል ነው፤ ማታው ሲያልቅ ብዙ የሰበሰበ አንደኛ ይወጣል።

እዚህ ላይ ነው ውበቱ። ከጀመረች ሁለት ወር ያልሞላት ባልደረባችን በአራተኛው ዙር ለእኔ ደረሰችኝ። 16 ለ5 እየተመራን ነበር። በሌላ ጨዋታ ቢሆን ልባችን ሻወር ቤት ገብቷል። እሷ ግን ከኋላዋ መስታወቱን ነክቶ የተመለሰውን ኳስ ጎንበስ ብላ አነሳችው፣ በባላጋራዎቻችን አናት አሳለፈችው። ሦስቱንም የቀሩ ነጥቦች ወሰድን። 16 ለ8 ተሸነፍን። ሦስቷን ነጥብ ስትመዘግብ ፊቷን ብታዩት፣ ደመወዝ የተጨመረላት ነው የሚመስለው።

ሜክሲካኖስ? የመጀመሪያው ዙር በዕጣ ነው። ከዚያ በኋላ ድልድሉን የሚያወጣው የደረጃ ሰንጠረዡ ነው። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ያሉት አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ፤ ለምሳሌ አንደኛው ከአራተኛው ተጣምሮ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ይገጥማል። የቀሩትም እንደዚያው። ጨዋታው አንገት ለአንገት ይሆናል። አሜሪካኖ ላይ አልፎ አልፎ የሚያጋጥመው አሰልቺ 20 ለ4 እዚህ ብዙም አይታይም። አስራ ስድስት ሰው ብንሆንና ችሎታችን የሰማይና የምድር ያህል ቢራራቅ እኔም እሱን እመርጣለሁ።

ስምንት ሰው ሲሆን ግን ሦስተኛው ዙር ላይ ጎበዞቹ አንድ ሜዳ ይዘው ይቀራሉ፣ ሌሎቻችን ሌላውን። ያቺ ባልደረባችን ከምርጡ ተጫዋች ጋር አንድ ዙር እንኳ ሳትጣመር ወደ ቤቷ ልትሄድ ትችላለች። ደግሞ «ትክክለኛ ደረጃ ያወጣል» የሚባለው አይዋጥልኝም። ታችኛው ሜዳ ላይ ደካማን በማሸነፍ የተያዘ 15 እና ላይኛው ሜዳ ላይ በላብ የተገኘ 15 እኩል ነው የሚቆጠረው።

የአሜሪካኖ ትልቁ ችግር አንድ ሰው ከቀረ ድልድሉ መፍረሱ ነው። በዚህ ረገድ እኛ ሦስቱ ሐበሾች አንታማም ማለት አልችልም። ይህ ግን በሰዓት በመምጣት የሚስተካከል ነገር ነው፤ ከዚህ ሐሙስ ጀምሮ እኔ ራሴ አስር ደቂቃ ቀድሜ እገኛለሁ።

ሜክሲካኖ ያማራቸው ማክሰኞ ሜዳ ይያዙ። ከጠሩኝ እሄዳለሁ። የሐሙሱን ግን ለቀቅ አድርጉልን።