ደግነት በአልጀብራ

ድሮ የሰው ደግነት የሚታወቀው በሥራው ነበር። ኋላ ቀርነት! ደግነቱ 0.1 ይሁን 0.5 የሚነግርህ አልነበረም።

እግዜር ይስጣቸውና ከዚህ ጨለማ ያወጡን የ18ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሊቃውንት ናቸው። መንገዱን የጠረገላቸው ኒውተን ነው። በፈረንጆቹ 1687 ፕላኔቱንም የሚወድቀውን ድንጋይም በአንድ ሕግ አሰረ። ሰማይ ከተሰላ ታዲያ የሰው ልብ ምን ያቅታል?

እኔን አንጀቴን ያራሰኝ ፈላስፋው ፍራንሲስ ሃችሰን ነው። አየርላንድ የተወለደ፣ የሰባኪ ልጅ። በ1725 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንድ ሰው ለሕዝብ የሚያስገኘው ጥቅም ደግነቱ በአቅሙ ሲባዛ ነው አለ። እንግዲህ ደግነቱን የፈለገ ጥቅሙን ለአቅሙ ያካፍል። እስቲ እንሞክረው። 100 ፓውንድ ያለው ጌታ 10 ሰጠ። 2 ፓውንድ ብቻ ያላት ልብስ አጣቢ 1 ሰጠች። የእሱ 0.1፣ የእሷ 0.5። ተገኘ! ደጓ እሷ ናት። አዎ፣ ወንጌል ላይ ሁለት ሳንቲም የጣለችው መበለት ታሪክም ይህንኑ ይላል። ግን ማካፈል የለበትም፤ እንዴት ይታመናል?

ዛሬም ቡና ላይ «ይቅር ማለት ለደም ግፊት ጥሩ መሆኑን ሳይንስ አረጋግጧል» የሚል ሰው ስሰማ ሃችሰንን አመሰግናለሁ። እናቱ ዕድሜ ልኳን «ታረቅ ልጄ» ስትለው አልሰማትም። ምን ታድርግ፣ ቀመር አልነበራት።

«ልብን በምን ቁና ሰፈራችሁት?» የሚል ነገረኛ አይጠፋም። ሃችሰን ራሱ ከመጽሐፉ የ1738 እትም ቀመሮቹን ሰረዛቸው። እንግዲህ ሰው ነው፣ ይደክማል።

ደግነቱ (0.7 ገደማ) እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጄረሚ ቤንታም ደረሰልን። በ1789 ደስታና ሕመም የሚመዘኑባቸውን 7 መለኪያዎች አወጣ፤ ምን ያህል ይጠነክራል፣ ምን ያህል ይቆያል፣ ስንቱን ሰው ይነካል እያለ። እንዳይረሱ ግጥም ሳይቀር ገጠመላቸው። ሥራ በሠራችሁ ቁጥር አስሉ ግን አላለም። ሚዛኑ አለ፣ መመዘን ግዴታ አይደለም። እንዴት ያለ ርኅሩኅ ሰው ነው!

በ1832 ሲሞት አጽሙ ልብስ ለብሶ እንዲቀመጥ ተናዞ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ለንደን፣ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ ባርኔጣውን ደፍቶ ተቀምጧል። ሄጄ ስሌቱን የት እንዳደረሰው ብጠይቀው ደስ ባለኝ። ጭንቅላቱ ግን የሰም ነው።