ማስተካከያ፦ ስለ ኮንክሪት ወለል መሞረጃ ማሽን አመራረጥ

ለባሕር ዳር ተቋራጮች ቀደም ሲል በወጣው የወለል መሞረጃ ማሽን መረጃ ላይ «ለጠንካራ ኮንክሪት ጠንካራ የአልማዝ ጥርስ» የተባለው ተገልብጧል። ጠንካራ ወለል የሚፈልገው ለስላሳ ማያያዣ (አልማዙን የያዘው ብረት) ያለው ጥርስ ነው። ይህ ብረት እየተበላ ካልሄደ አዲስ አልማዝ ብቅ አይልም፤ ጥርሱ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፣ ማሽኑ ይጮኻል እንጂ አይሞርድም። አሸዋ የበዛበት፣ በሚስማር ሲጫር የሚረግፍ ሊሾ ደግሞ ጠንካራ ማያያዣ ይሻል፤ ለስላሳውን በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ከግዢ በፊት ሚስማር ይዞ ወለሉን መጫር ከሻጩ ምክር ይበልጣል።

ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ጄኔሬተር የጉልበት ስሌትም መታረም አለበት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ፣ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ሰሌዳው ላይ 10 ኪሎዋት የተጻፈበት እዚህ ከ8 ብዙም አያልፍም። ለባለ 380 ቮልት ትልቅ ማሽን ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

አቧራ መምጠጫውም «እንደ አማራጭ» መባሉ ይሰረዝ፤ የኮንክሪት ብናኝ ሳንባ የሚጎዳ ሲሊካ አለው።

ስለ ጥርሱ የሻካራነት ቁጥር የተጻፈው፣ ማለትም 30 ሻካራ፣ 120 ደቃቅ መሆኑ፣ እንዳለ ይጸናል።