ተጣጣፊው ካሜራ ይጠገን ወይስ ይቀመጥ?

ከአያት የተወረሰ፣ ሌንሱ በተጣጠፈ ቆዳ ወደ ፊት የሚወጣ ተጣጣፊ ካሜራ እጃችሁ ገባ እንበል። ይጠገናል ወይስ እንዳለ ይቀመጣል? ዋጋውስ ምኑ ላይ ነው? የደሴው ተከራካሪ በፎቶ ቤት ሥራ ያረጁ ሰብሳቢ ናቸው። የኮምቦልቻው ዛሬም በፊልም የሚያነሳ ወጣት ነው።

የደሴው፦ እኔ አይነካ ባይ ነኝ። ኅዳር 1928 ዓ.ም. ጣልያን ደሴን በቦምብ ሲደበድብ ንጉሠ ነገሥቱ እዚሁ ነበሩ። የውጭ ጋዜጠኞችና ፎቶ አንሺዎችም ነበሩ። ያን ዘመን ያየ ካሜራ አንዱ ቁምሳጥን ውስጥ አይጠፋም። የተጨማደደው ቆዳ፣ የተላጠው ኒኬል፣ መያዣው ላይ በእጅ የተጻፈው ስም፤ ዋጋው እሱ ነው።

የኮምቦልቻው፦ ጋሼ፣ ይሄ ወሬ የሚጠቅመው ደላላን ነው። አንዱ ፒያሳ ላይ «ጣልያን ትቶት የሄደ» ብሎ አሳየኝ። ሌንሱን ወደ ብርሃን ሳዞረው መስታወቱ ላይ ያለው ስስ ቅብ ወይን ጠጅ አብረቀረቀ። የፍላሽ ገመድ መሰኪያም አለው። እንዲህ ያለ ቅብና መሰኪያ በተራ ካሜራ ላይ የተለመደው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ታዲያ ጣልያን ከየት አምጥቶ ትቶት ይሄዳል? ዕድሜ ብቻውንም ዋጋ አያወጣም። ኮዳክ ቬስት ፖኬት የሚባለው ትንሽ ተጣጣፊ ካሜራ እ.ኤ.አ. ከ1912 እስከ 1926 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። መቶ ዓመት ቢሞላውም ብርቅ አይደለም። ቴሳር የተባለ ሌንስና ኮምፑር የተባለ ሹተር (ብርሃን ለቅጽበት የሚያስገባ መዝጊያ) ያለው ሱፐር ኢኮንታ የሚባለው ተጣጣፊ ካሜራ ግን የሚፈለገው ዛሬም ጥሩ ፎቶ ስለሚያነሳ ነው።

የደሴው፦ ደላላውን እኔም አላምነውም። ግን በምን ያዝከው? በሌንሱና በመሰኪያው። ሌንሱን ፈግፍገህ፣ ሹተሩን ከሌላ ካሜራ ነቅለህ ብትገጥም ኖሮ በምን ታውቀው ነበር? ቆዳው በጥቁር ፕላስተር የተለጠፈ፣ ሹተሩ ላይ የስፌት መኪና ዘይት የተንጠባጠበበት ስንቱን አይቻለሁ! ዘይቱ ስስ ብረቶቹ መሀል ገብቶ ያጣብቃቸውና ሹተሩ ግማሽ ተከፍቶ ይቀራል።

የኮምቦልቻው፦ እሱማ ጥገና አይባልም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ማታ መብራት ይጠፋል፣ የካሜራው ጀርባ ይከፈታል፣ ትንሽ የእጅ ባትሪ ይገባል። በእጥፋቶቹ ማዕዘን ነጥብ ነጥብ ብርሃን ከታየ ቆዳው ተበስቷል። ይቀየራል፤ አሮጌው በወረቀት ተጠቅልሎ አብሮ ይቀመጣል። ፊልም እንደሆነ አለ። 120 የሚባለው ጥቅል ፊልም እ.ኤ.አ. ከ1901 ጀምሮ እስከ ዛሬ ይመረታል። ያው ፊልም በቀጭን ማጠንጠኛ የሚጠቀለልበት 620 እ.ኤ.አ. በ1995 ቢቆምም፣ 120ውን ጨለማ ውስጥ በ620 ማጠንጠኛ ላይ መጠቅለል ይቻላል። ያስለፋል እንጂ። ሻጋታውንስ ምን ሊሉት ነው? በደሴ ጉም ሌንስ ውስጥ የገባ ሻጋታ ዝም ከተባለ መስታወቱን ራሱን ይበላል። እንዳለ ይቀመጥ ያሉት ካሜራ እኮ እንዳለ አይቀመጥልዎትም።

የደሴው፦ እሱስ እውነት ነው። ግን መጀመሪያ ከቆዳ መያዣው አውጥቶ ደረቅ ቦታ ማኖር ነው፤ መያዣው እርጥበት ይይዛል። ቆዳ ቅየራውን ግን አልቀበልም። አንዴ የተነቀለ ቆዳ ተመልሶ አይገጥምም። በየአገሩ በሞላው ኮዳክ እንደ ፍጥርጥርህ። ባለቤቱ ስሙን የጻፈበት ላይ ግን ማንም ካቻቪቴ አያስጠጋም።

የኮምቦልቻው፦ ሌንሱ ካልተፈታ ውስጡ ያለው ሻጋታ አይጸዳም፣ ጋሼ። ቆዳውን አልነካም፤ ሌንሱን ብቻ ይፍቀዱልኝ። ክረምቱ ሳይገባ ይወስኑ።